ፕሬስ ፊት (ያለ ሶልደር የሚሰካ ፓወር ሞጁል)

ፕሬስ ፊት ማለት የፓወር ሴሚኮንዳክተር ሞጁልን ያለ ሶልደር፣ ፒኖቹን ወደ ሰርኪት ቦርዱ ቀዳዳዎች በግፊት ብቻ በማስገባት የማገናኘት ዘዴ ነው። የእያንዳንዱ ፒን ጫፍ ከቀዳዳው በጥቂቱ ይሰፋል። ሲገፋ እየተጨመቀ ይገባና የቀዳዳውን ግድግዳ በራሱ የመለጠጥ ኃይል ጨብጦ ይቀራል። ለዚህ ሥራ ካውያም፣ ስታኞም፣ ሙቀትም አያስፈልግም። ዘዴው በኢንቨርተሮች፣ በሞተር መቆጣጠሪያዎች፣ በፀሐይ ኃይል መሣሪያዎች፣ በዩፒኤስና በኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ ይሠራበታል።

ፓወር ሞጁል ምንድን ነው?

ፓወር ሞጁል ከፍተኛ ቮልቴጅና ጅረት በፍጥነት የሚያበሩና የሚያጠፉ የሲሊከን ወይም የሲሊከን ካርባይድ ቺፖች በአንድ ሣጥን ውስጥ የተሰበሰቡበት ዕቃ ነው። በውስጡ በብዛት የሚገኙት አይጂቢቲ የሚባለው ትራንዚስተር፣ ሞስፌትና ዳዮድ ናቸው። ቺፖቹ የሚቀመጡት በሁለት ገጹ መዳብ በተለበጠ ስስ ሴራሚክ ላይ ነው። ሴራሚኩ ሙቀትን ወደ ታች ያስተላልፋል፤ ኤሌክትሪክን ግን ያግዳል። የሞጁሉ ታችኛ ክፍል በቴርማል ፔስት አማካይነት በሂት ሲንክ ላይ ይታሰራል፤ በላዩ በኩል ደግሞ ፒኖቹ ወደ ሰርኪት ቦርዱ ይወጣሉ።

ስለዚህ አንድ ሞጁል በሁለት አቅጣጫ ይያያዛል ማለት ነው፦ በታች ለሙቀት፣ በላይ ለኤሌክትሪክ። ፕሬስ ፊት የሚመለከተው የላይኛውን ግንኙነት ነው።

ሶልደር ለምን ይቀራል?

ሶልደር ርካሽና የተለመደ ነው፤ ሆኖም ለፓወር ሞጁል ሦስት ችግሮች አሉበት።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። የቀድሞው የቲንና የእርሳስ ሶልደር በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጥ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እርሳስን በአብዛኞቹ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ላይ ሲገድብ፣ የቲን፣ የብርና የመዳብ ቅይጥ ቦታውን ወሰደ። ይህ ቅይጥ የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የሥራው ሙቀትም አብሮ ከፍ አለ። ትልቅ ሞጁል ብዙ መዳብ ስላለው ከካውያው ሙቀት ይመጥጣል፤ ሠራተኛው ደግሞ ሶልደሩ እስኪፈስ ድረስ ካውያውን አቆይቶ ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል።

ሁለተኛው የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ትንንሾቹ ክፍሎች በማሽን ተሶልድረው ካለቁ በኋላ ትልቁን ሞጁል ለመጨመር ቦርዱ እንደገና ሙቀት ውስጥ መግባት አለበት፤ አለዚያ እያንዳንዱ ፒን በእጅ ይሶልደራል። የእጅ ሥራ ደግሞ እንደ ሠራተኛው ልምድና ድካም ይለያያል።

ሦስተኛው ድካም ነው። እዚህ ላይ ድካም ሲባል የብረቱ ድካም ማለት ነው። መሣሪያው ሲሠራ ይሞቃል፣ ሲቆም ይቀዘቅዛል። መዳብ፣ ሶልደርና የቦርዱ ፋይበር በእኩል መጠን ስለማይለጠጡ ሶልደሩ በየዙሩ ይሳሳባል። ከብዙ ሺህ ዙር በኋላ በፒኑ ዙሪያ የቀለበት ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በዓይን ለማየት ያስቸግራል፤ መሣሪያው አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይቆማል።

የፒኑ ቅርጽና አሠራር

በብዛት የሚሠራበት የፕሬስ ፊት ፒን መሐሉ የተበሳ የመርፌ ዓይን ይመስላል። ከዓይኑ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ክንዶች ወደ ውጭ የተወለጋገዱ ናቸው። ፒኑ ወደ ቀዳዳው ሲገባ ክንዶቹ ወደ ውስጥ ይጠጋሉ። ከፊሉ ቅርጻቸው ለዘለቄታው ይለወጣል፤ ከፊሉ ግን እንደ ስፕሪንግ ወደ ውጭ መግፋቱን ይቀጥላል። ግንኙነቱን ለዓመታት የሚይዘው ይህ የቀረው ግፊት ነው።

ፒኑ የሚሠራው የስፕሪንግ ባሕርይ ካለው የመዳብ ቅይጥ ሲሆን በስስ ቲን ይለበጣል። የቦርዱ ቀዳዳም በውስጡ መዳብ የተለበጠ ነው። ሁለቱ ሲፋተጉ በላያቸው ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይፋቃል፤ ንጹሑ ብረት ከንጹሕ ብረት ጋር በከፍተኛ ግፊት ይገናኛል። በአንዳንድ ነጥቦች ላይ ሁለቱ ብረቶች ያለ ሙቀት እስከ መጣበቅ ይደርሳሉ፤ ይህም ቀዝቃዛ ብየዳ ይባላል። በመገናኛው ውስጥ አየርም እርጥበትም ስለማይገባ ግንኙነቱ ለዝገት የተጋለጠ አይደለም።

የመዳብና የፋይበር ቦርዱ መለጠጥ ቢለያይም ክንዶቹ አብረው ስለሚንቀሳቀሱ የሙቀትና የቅዝቃዜው መፈራረቅ እንደ ሶልደር አይሰነጥቃቸውም።

ቀዳዳውና ቦርዱ

በፕሬስ ፊት ሥራ የጥራቱ ግማሽ ያለው በፒኑ ሳይሆን በቀዳዳው ነው። ቀዳዳው ከጠበበ ፒኑ ሲገባ የመዳብ ልባጡን ይቀዳል፤ ከሰፋ ደግሞ ግፊቱ ይላላል።

ለምሳሌ የጀርመኑ ኢንፊኒዮን ለትንንሾቹ ኢዚ ሞጁሎቹ የሚሰጠው መመሪያ ቀዳዳው በ1.15 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ እንዲበሳና ከተለበጠ በኋላ የመጨረሻ ስፋቱ ከ0.94 እስከ 1.09 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ እንዲሆን ነው። በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ያለው መዳብ ከ25 እስከ 50 ማይክሮ ሜትር ይወፍራል። ማይክሮ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ስለዚህ ለሶልደር የተሠራ ቦርድ ቀዳዳው በዓይን ሲታይ ተመሳሳይ ቢመስልም ለፕሬስ ፊት ላይሆን ይችላል።

የቦርዱ ማጠናቀቂያ ልባጥም ለውጥ ያመጣል። በኬሚካል የተለበጠ ስስ ቲን በቀዳዳው ውስጥ እኩል ስለሚሰራጭ ይመረጣል። ቦርዱን በቀለጠ ሶልደር ነክሮ በትኩስ አየር የማጥራት ዘዴ ግን ወፍራምና ቀጭን ቦታ ስለሚተው የቀዳዳውን ስፋት ያዛባል።

በፒኖቹ ዙሪያም ባዶ ቦታ መተው አለበት። ቦርዱ ሲጫን በጥቂቱ ይታጠፋል፤ አጠገብ ያሉ የሴራሚክ ካፓሲተሮች ደግሞ መታጠፍን አይችሉም። የተሰነጠቀ ካፓሲተር በዚያኑ ዕለት ላይታወቅ ይችላል፤ ከወራት በኋላ ግን ሾርት ያደርጋል።

አሰካኩ

ሥራው በቅደም ተከተል ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል።

1. ሌሎቹ ክፍሎች በሙሉ በቦርዱ ላይ ተሶልድረው ያልቃሉ፤ ቦርዱም ይቀዘቅዛል።
2. ሞጁሉ በታችኛው መደገፊያ ላይ ይቀመጣል። ቦርዱ ከላይ ይደረግና ፒኖቹ ሁሉ በየቀዳዳቸው አፍ ላይ መሆናቸው ይታያል።
3. ከፒኖቹ ትይዩ ቀዳዳ ያለው የላይኛው መጫኛ ቦርዱ ላይ ያርፋል። ቀዳዳው የሚያስፈልገው የፒኑ ጫፍ በቦርዱ አልፎ ስለሚወጣ ነው።
4. ፕሬሱ በዝግታና በእኩል ፍጥነት፣ ሳያዘነብል፣ ሁሉንም ፒኖች በአንድ ጊዜ ይጭናል።
5. ቦርዱ የሞጁሉን ማረፊያ ሲነካ ፕሬሱ ይቆማል። ከዚያ ቦርዱ በሞጁሉ ማዕዘኖች ላይ በብሎን ይታሰራል።
6. በመጨረሻ ቴርማል ፔስት ተቀብቶ ሞጁሉ ከሂት ሲንኩ ጋር ይታሰራል።

የሚያስፈልገው ኃይል ቀላል አይደለም። አንድ ፒን 80 ኒውተን ቢፈልግ፣ 30 ፒን ያለው ሞጁል 2,400 ኒውተን ይፈልጋል፤ ይህም የ240 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ነው። ይህን ያህል ኃይል በእጅ በእኩል ማሰራጨት አይቻልም። ለጥቂት ሞጁሎች በማንሻ የሚሠራ የእጅ ፕሬስ ይበቃል፤ በፋብሪካ ግን ኃይሉንና ጉዞውን የሚለካ ሞተር ያለው ፕሬስ ይሠራበታል።

ፕሬሱ ኃይሉን ከጉዞው ጋር አያይዞ በግራፍ ይመዘግባል። ጤናማ ሥራ የራሱ መልክ አለው፦ ኃይሉ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ክንዶቹ ሲታጠፉ ይረጋል፣ ቦርዱ ማረፊያውን ሲነካ በድንገት ይሽቀነጠራል። አንድ ፒን ከቀዳዳው ስቶ ከታጠፈ ወይም ቀዳዳው ከሰፋ ግራፉ ላይ ይታያል። የሶልደር ጥራት በዓይን ወይም በኤክስሬይ ሲመረመር የፕሬስ ፊት ጥራት ግን ሥራው ሲሠራ እዚያው ይለካል።

አስተማማኝነት

የኤሌክትሮኒክስ ብልሽት የሚለካው ፊት በሚባል መለኪያ ነው። አንድ ፊት ማለት በአንድ ቢሊዮን የሥራ ሰዓት አንድ ብልሽት ማለት ነው። ኤስኤን 29500-5 የሚባለው የሲመንስ ደረጃ ለአንድ ግንኙነት የሚከተለውን ግምት ይሰጣል።

በእጅ የተሠራ ሶልደር፦ 0.5 ፊት
በማሽን የተሠራ ሶልደር፦ 0.03 ፊት
ፕሬስ ፊት፦ 0.005 ፊት

ቁጥሮቹ ትንንሽ ይመስላሉ፤ ሲባዙ ግን ልዩነታቸው ይገለጣል። እያንዳንዳቸው 20 ፒን ያላቸው 1,000 ሞጁሎች ለ10 ዓመት ያለማቋረጥ ቢሠሩ፣ በእጅ ከተሶለደሩት ውስጥ በፒን ግንኙነት ምክንያት አንድ ገደማ ብልሽት ይጠበቃል። በፕሬስ ፊት ግን ይህ ግምት ወደ መቶኛው ይወርዳል። ይህ ስሌት ግንኙነቱን ብቻ እንጂ ቺፖቹን፣ ካፓሲተሮቹንና ማራገቢያውን አይጨምርም።

ግንኙነቱ እንዴት እንደሚሠራና እንደሚፈተን የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኢሲ 60352-5 ነው።

ዘዴው ድክመትም አለው። ንጹሕ ቲን በግፊት ሥር ሲቆይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ሊያበቅል ይችላል። ክሩ ከጎረቤት ፒን ከደረሰ ሾርት ያደርጋል። ስለዚህ አምራቾች የልባጩን ውፍረትና ዓይነት በጥንቃቄ ይመርጣሉ።

መንቀልና መጠገን

በፕሬስ ፊት የተሰካ ሞጁል ሲበላሽ ፒኖቹን በተመሳሳይ ፕሬስ ከላይ ወደ ታች በመግፋት ማስወጣት ይቻላል። ሶልደር መምጠጥ ወይም ቦርዱን ማሞቅ አያስፈልግም። ቦርዱ በጥንቃቄ ከተያዘ አዲስ ሞጁል ይቀበላል፤ የኢንፊኒዮን መመሪያ አንድ ቦርድ ከመጀመሪያው ሌላ ለሁለት ጊዜ ያህል ዳግም እንዲሰካበት ይፈቅዳል። የወጣው ሞጁል ግን የፒኖቹ ክንዶች አንዴ ስለታጠፉ እንደገና በግፊት አይሰካም። ጤነኛ ሆኖ ሳለ ተነቅሎ ከሆነና ተመልሶ መግባት ካለበት መሶልደር አለበት።

ፕሬስ በሌለበት የጥገና ቤትም አዲስ የፕሬስ ፊት ሞጁል በሶልደር ሊተከል ይችላል። ይህ የዘዴውን ጥቅም ያሳጣል እንጂ መሣሪያውን ሥራ አያስፈታም። አደገኛው ሌላ ነው፤ ሞጁሉን በመዶሻ መምታት ወይም በአንድ ጥግ ብቻ መጫን። ከሥር ያለው ሴራሚክ ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚቀጥን በመሆኑ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከውጭ አይታይም፤ መሣሪያውም ለጊዜው ይሠራ ይሆናል። ነገር ግን በቺፖቹና በሂት ሲንኩ መካከል ያለው ማገጃ ጠፍቷል፤ የብረት ሣጥኑን የነካ ሰው ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል። ብዙ ሞጁሎች ከፋብሪካ ሲወጡ ይህ ማገጃ በ2,500 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ይፈተናል። ከጥገና በኋላም የማገጃ መለኪያ ሳይደረግና የምድር ሽቦው ሳይታሰር መሣሪያውን ማብራት አይገባም።

ከማንኛውም ሥራ በፊት የመሣሪያው ካፓሲተሮች መራገፍ አለባቸው። በሦስት ፌዝ 380 ቮልት የሚሠራ ኢንቨርተር በውስጡ ከ500 ቮልት በላይ ቀጥተኛ ጅረት ያጠራቅማል፤ ከመስመር ከተነቀለ በኋላም ለደቂቃዎች ይቆያል።

ታሪክ

ፒንን ያለ ሶልደር በቀዳዳ ውስጥ ማስገባት የጀመረው ከፓወር ሞጁል በፊት ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የቴሌፎን ማዞሪያዎችና የኮምፒውተር መደርደሪያዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ፒኖች ያሏቸው ወፋፍራም ቦርዶች ነበሯቸው። እነዚህን መሶልደር አስቸጋሪ ስለነበር የሚለጠጥ ፒን ተመረጠ።

በሌላ በኩል የጀርመኑ ሴሚክሮን በ1975 እ.ኤ.አ. ሴሚፓክ የተባለውንና ከታችኛ ብረቱ በኤሌክትሪክ የተለየውን ፓወር ሞጁል ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ሞጁሎች በብሎን ወይም በሶልደር ይያያዙ ነበር። ሁለቱ መንገዶች የተገናኙት በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢንፊኒዮንና ሌሎች አምራቾች የመርፌ ዓይን ያለውን ፒን ወደ ፓወር ሞጁል ሲያመጡት ነው። በኋላም ለኤሌክትሪክ መኪና የተሠሩ ሞጁሎች ዘዴውን ወሰዱ። ለምሳሌ በኢንፊኒዮን ሃይብሪድፓክ ድራይቭ ሞጁል ውስጥ የመቆጣጠሪያው ምልክት የሚያልፍባቸው ፒኖች ፕሬስ ፊት ናቸው፤ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር የሚሸከሙት ዋና ጫፎች ግን ሰፋፊ የመዳብ ምላሶች ናቸው።

ሌሎች ያለ ሶልደር ዘዴዎች

ስፕሪንግ፦ የሴሚክሮን ሚኒስኪፕ ሞጁል ፒን የለውም። በምትኩ ትንንሽ ስፕሪንጎች በቦርዱ ላይ ያሉ የመዳብ ነጥቦችን ይጫናሉ። ሞጁሉን፣ ቦርዱንና ሂት ሲንኩን ብሎን ያጣብቃቸዋል። በካቻቢቴ ብቻ ስለሚፈታ ለጥገና ይመቻል።

ብሎን፦ ትልልቅ ሞጁሎች ዋናውን ጅረት የሚያስተላልፉት በብሎን በታሰረ የመዳብ ባር ነው። ብሎኑ አምራቹ በወሰነው ጥብቀት መታሰር አለበት፤ ከላላ ይሞቃል፣ ከጠበቀ ጥርሱ ይበላል።

ፕሬስ ፓክ፦ ቺፑ እንደ ዲስክ በሁለት ብረቶች መካከል ተጨምቆ ይያዛል። በውስጡም በውጭውም ግንኙነቱን የሚፈጥረው ግፊት ነው። በከፍተኛ ቮልቴጅ ቀጥተኛ ጅረት ማስተላለፊያ ጣቢያዎች ውስጥ ያሉ ታይሪስተሮች የዚህ ዓይነት ናቸው።

በኢትዮጵያ

ፓወር ሞጁል በኢትዮጵያ ከፋብሪካ ሞተሮች አልፎ ወደ ዕለት ኑሮ የገባው በቅርብ ዓመታት ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከላይኛው ሽቦ የሚያገኘው 750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው። ይህን ለሞተር ወደሚስማማ ተለዋዋጭ ጅረት የሚቀይሩት በኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉ ፓወር ሴሚኮንዳክተሮች ናቸው። የምሥራቅ ምዕራቡ መስመር ከአያት ተነሥቶ በምዕራብ በኩል የሚያበቃው ጦር ኃይሎች ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ቀራንዮ፣ ቤተልና አየር ጤና የሚሄደው ሰው አውቶቡስና ታክሲ ይይዛል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ደግሞ በ25,000 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት ይሠራል።

ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲያስተላልፍ የተሠራ ነው። በሁለቱ ጫፎች ያሉት ጣቢያዎች ጅረቱን የሚቀይሩት በታይሪስተር ነው። ኬንያ በዚህ መስመር ኤሌክትሪክ መግዛት የጀመረችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚህ ወዲህ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ቁጥር ጨምሯል። በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ ቢያንስ አንድ የሞተር ኢንቨርተርና አንድ ቻርጀር አለ። በካርቡራተርና በፓምፕ የሠለጠነው መካኒክ አሁን የሚያገኘው ዕቃ ብዙ ጊዜ ካውያ የማይፈታው ነው። ለአንድ ጋራዥ ፕሬስ፣ ለሞጁሉ ልክ የሆነ መደገፊያና የማገጃ መለኪያ መያዝ ሙሉውን ኢንቨርተር ከመለወጥና ሞጁሉን ብቻ ከመለወጥ የትኛው እንደሚቻል ይወስናል። ልዩነቱም በመጨረሻ የሚደርሰው በባለ መኪናው ኪስ ላይ ነው።

የከፍታ ጉዳይ

አብዛኞቹ የኤሌክትሮኒክስ ደረጃዎች የተሰሉት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው። ቀራንዮ ያለበት የአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ይህም ሦስት ነገር ያስከትላል።

አንደኛ፣ የሳሳ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም፤ በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ኢንቨርተር ከተጻፈበት ያነሰ ጅረት እንዲሸከም ማድረግ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የሳሳ አየር የኤሌክትሪክ ብልጭታን የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። አይኢሲ 60664-1 በ3,000 ሜትር ላይ በፒኖች መካከል ያለው የአየር ርቀት በ1.14 እንዲባዛ ያዝዛል፤ በመካከል ሲሰላ ለ2,400 ሜትር ወደ 1.06 ይደርሳል። በባሕር ዳርቻ 5.5 ሚሊ ሜትር የሚበቃው እዚህ 5.8 ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ከጠፈር የሚመጡ ቅንጣቶች በከፍታ ቦታ ይበዛሉ፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ ያለ ቺፕ በእነዚህ ቅንጣቶች በድንገት ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ለከፍታ ቦታ የሚመረጥ ሞጁል ከሚሠራበት ቮልቴጅ በላይ ሰፋ ያለ መጠባበቂያ ቢኖረው ይመረጣል።

የፕሬስ ፊት ግንኙነት ራሱ በከፍታ አይነካም፤ የሚይዘው የብረት ግፊት እንጂ አየር አይደለም። ነገር ግን ሞጁሉ በሞቀ ቁጥር ቦርዱና ፒኑ ይለጠጣሉና ማቀዝቀዣው በቂ መሆኑ ለግንኙነቱም ዕድሜ ይጠቅማል።